ቁራ ያልሞተበት ዓመት

መስከረም 12
ኩሬውን ዞርኩ። የሞተ የለም። የሞተ ቁራ እንዳመጣበት ላብራቶሪው የሰጠኝ ከረጢት ባዶውን ተመለሰ። አምና ይሄኔ በቢምቢ የሚመጣው በሽታ ገብቶ ቁራው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ በቀን ሰባት ስምንት እለቅም ነበር። በሽታው ሰው ላይ ሳይደርስ ለሰፈሩ የጮህኩት እኔ ነኝ። ዘበኛ ብሆን፣ ፊደል ባልቆጥር፣ ቁራ አነባለሁ! ባለቤቴ እየጻፈች ትስቃለች። "እሱንም ልጻፈው?" ጻፊው እንጂ!

መስከረም 19
የሞተ የለም። ጎረቤቴ ግንበኛው አጎበር ሲሰቅል አገኘሁት።
"አንተ ሙሽራ! መጋረጃ ውስጥ ገባህ?"
"ጋሼ፣ ቢምቢው በዝቷል እኮ።"
"ቁራው ሳይፈራ አንተን ምን አስፈራህ?"
ቤት ገብቼ የእኛንም አወረድኩት። ይሞቃል። ባለቤቴ፣ "ተው አንተ ሰውዬ" አለች። ቁራ ሲሞት እሰቅለዋለሁ አልኳት።

መስከረም 30
የሞተ የለም። ባለቤቴን ራሷን አሟታል። ብርድ ነው አለች። እኔም ብርድ ነው አልኩ...

ጥቅምት 2
ዛሬ የምትጽፈው ልጄ ናት። እናቷ እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። ትኩሳት። አንገቷ ደረቀ። "አባባ" አለችኝ፣ የሞተ አባቷን መስዬአት... ሐኪም ቤት አስተኟት። ከዚያ ወደ ኩሬው ሮጥኩ። አንድ የሞተ ቁራ ፈለግሁ። አንድ! ቁጥቋጦውን ሁሉ ገለጥኩ። ይጮኻሉ፣ ይጣላሉ፣ ደህና ናቸው። ታዲያ እሷን ምን ነካት?

ጥቅምት 4
ከረጢቱን የሰጠችኝ የላብራቶሪዋ ሴት መጣች። የባለቤቴ ደም ውስጥ ያው የአምናው በሽታ ተገኘ።
"ቁራው መች ሞተ?" አልኳት።
"አባቴ፣ ቫይረሱ ዝርያ ዝርያ አለው። የአምናው ቁራ ይገድላል። የዘንድሮውን ግን ቁራው በደሙ ይዞት ይበራል እንጂ ብዙም አይጎዳውም። ቢምቢው ከወፍ ወስዶ ሰው ላይ ያመጣዋል።"
"በምን ይታወቃል?"
"በምርመራ።"
"በዓይንስ?"
"በዓይን አይታይም፣ አባቴ።"
አጎበሩን ያወረደው የእኔ እጅ ነው። ልጄ ብዕሯን አቆመች። "አባዬ፣ ይሄንን ልተወው?" ጻፊው አልኩሽ!

ጥቅምት 6
ባለቤቴ ዓይኗን አልገለጠችም።

ጥቅምት 17
ቤት ገባች። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። "ሲሻለኝ እኔው እጽፍልሃለሁ" አለችኝ። ይሻላታል? ሐኪሙም አያውቅ። አጎበሩን ሰቀልኩ። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ወተፍኩ፣ ደግሜ ነካካሁት፣ ደግሜ። ግንበኛው በመስኮት አይቶኝ ገባና የላላውን ገመድ አጠበቀልኝ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።
ጠዋት ኩሬውን ዞርኩ። ቁራው ሁሉ ይጮኻል። የሞተ የለም።
ፈራሁ።