በስሜ አትነግድ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሬድዋን፣ ዱባይ።

አሰላሙ አለይኩም ወንድምዓለም። ጤናህ እንዴት ነው? ባለፈው ወገቤን ያዘኝ ብለህ ነበር፣ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ሀያትስ እንዴት ናት? ልጃችሁ ዒምራን ጥርስ አወጣ? እዚያ ሙቀቱ በረድ ብሎላችኋል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የደብረ ታቦር ብርድ ግን ዘንድሮ ጨክኗል፤ አባባ ጋቢያቸውን እንደ ለበሱ ነው ሱቅ የሚውሉት። የእማማ ሳል ለቋታል፣ አታስብ።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ሳልጨርስ ትዘጋብኛለህ። ወደ እናንተ የሚመለስ ሰው ሳገኝ ጊዜ፣ እስቲ አንድ ቀን እስከ መጨረሻው ይስማኝ ብዬ ተቀመጥሁ።

በጥቅምት በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍላችን ሰሌዳ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር አስመጪ፣ ፕሮግራም ለሚሠሩ ተማሪዎች ላፕቶፕ በግማሽ ዋጋ ሊሸጥ ነው። አንድ ተማሪ አንድ ብቻ ይገዛል፤ እሱንም ራሱ የሠራውን ፕሮግራም ባሕር ዳር ቀርቦ ካሳየ በኋላ ነው። መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። ክረምቱን ሙሉ ከክፍል ጓደኛዬ ከፈንታነሽ ጋር የጋፋትን ጭቃ እየረገጥን የድንች ቅጠል ፎቶ ስናነሳ እንደ ከረምን ታውቃለህ። ቤተሰቦቿ ድንች ያመርታሉ፣ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ በየዓመቱ ያራቁታቸዋል። የእኔ ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ የታመመውን ከጤነኛው ይለያል። በግቢው ኮምፒውተር ስሠራ ግን ወረፋው አይደርሰኝም፣ የደረሰኝ ቀን ደግሞ መብራት ይሄዳል። ላፕቶፕ ማግኘት ለእኔ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ ገምት።

ደስታዬን መጀመሪያ የነገርኩት ለማን ነው? ለአንተ። ፕሮግራሙንም በቴሌግራም ላክሁልህ፤ "እህቴ የሠራችውን ለጓደኞቼ ላሳያቸው" ብትለኝ ኮራሁ። በማግስቱ ደውለህ ምን አልከኝ? "የክፍልሽን ልጆች አስመዝግቢ፣ ብሩን እኔ እልካለሁ፣ ላፕቶፖቹን ኑሩ ይሸጣቸዋል፣ ያንቺ በነጻ ይሆናል።" እምቢ አልኩ። "አሁንም ልጅ ነሽ" ብለህ ዘጋኸው።

ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። ኅዳር ሲገባ የአጎታችን ልጅ ኑሩ ከባሕር ዳር መጥቶ ከግቢው ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት የክፍላችንን ሴቶች ሰብስቦ አገኘሁት። መታወቂያቸው ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ስማቸውን ላዋሰችው ሁሉ የኪስ ገንዘብ ሊሰጥ ነው። ቆሜ ተናገርሁ። "ይህ የወንድሜ ንግድ ነው። ዛሬ ስሟን የሰጠች፣ ነገ ለራሷ ልግዛ ብትል አይፈቀድላትም" አልኳቸው። ኑሩ ከመቀመጫው ተነስቶ "ያሳደገሽን ሰው እንጀራ ትዘጊያለሽ?" አለኝ። "እንጀራውን በእነዚህ ልጆች ስም ላይ አይጋግር" አልኩት። ፈንታነሽ እጇን ዘርግታ መታወቂያዋን አነሳች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ከሐሙሲት የመጣችው ማስተዋል ብቻ ሳታነሳ ቀረች።

ኑሩ ቀጥታ ለአባባ ደወለ። ሱቅ አስጠርተውኝ "ይህን ሱቅ ያደሰው ማን ነው?" አሉኝ። "ሬድዋን" አልኩ። "አንቺን ያስተማረሽስ?" "እሱው ነው።" "ታዲያ?" አሉኝ። እኔም "አባባ፣ እርስዎ በሌላ ሰው ስም ጨርቅ ሸጠው ያውቃሉ?" አልኳቸው። እየፈራሁ ነው ያልኩት። በእጃቸው የያዙትን መቀስ አስቀመጡና ለሶላት ወጡ።

አሁን አንተ የማታውቀውን ልንገርህ። ባሕር ዳር ቀርቤ ፕሮግራሜን ስከፍት ፈታኟ ወይዘሮ ትዕግሥት "ይህንን ጠዋት አይተነዋል። ከማን ነው የገለበጥሽው?" አሉኝ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ማስተዋል ከፊት ወንበር አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ለካ ለአንተ የላክሁትን ፕሮግራም አንተ ለኑሩ ልከህለታል፣ ኑሩ ደግሞ በፍላሽ ለእሷ ሰጥቷታል። "የእኔ ነው" አልኳቸው።

ወይዘሮ ትዕግሥት ወጡና ከግቢው የማንጎ ቅጠል ቀጥፈው ተመለሱ። ፎቶ አንስተን ስናስገባው ፕሮግራሙ "የታመመ ድንች" አለ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ "እስከ ከሰዓት አስተካክሉት፣ ማን እንደ ሠራው ያኔ እናያለን" አሉን። ማስተዋል ብድግ ብላ "አልችልም፣ የእኔ አይደለም" አለችና እያለቀሰች ወጣች። እኔ ስልኬን ይዤ ግቢውን ዞርኩት። ማንጎ፣ ዘንባባ፣ ሣር፣ ዘበኛው የተከሏትን ጎመን ሳይቀር አነሳሁና ፕሮግራሙን "ይህ ድንች አይደለም" ማለት አስተማርኩት። ከሰዓት በዚያው ማንጎ ቅጠል ፈተኑት። በትክክል መለሰ። ወይዘሮ ትዕግሥት ፈረሙልኝ።

የማስተዋልን ስም ግን ሰረዙት። ኑሩ የት ደረስሽ እንኳ አላላትም። በአንድ ሚኒባስ ተመለስን። ሐሙሲት ልትወርድ ስትል "ከሻይ ቤቱ በኋላ ኑሩ፣ ሙና ፈቅዳልሻለች፣ እሷ ራሷ አትቀርብም ብሎኝ ነበር" አለችኝ። ወላሂ፣ አዳራሽ ውስጥ ከተሳቀብኝ ይልቅ ይህ አመመኝ። በእኔ ስም ፈቃድ ሰጥታችኋል።

ላፕቶፑን ገዝቻለሁ። ሱቃችን ጥግ ላይ ስልክ እየጠገንኩ ያጠራቀምኩትን አወጣሁ፣ የጎደለውን አባባ ሞሉልኝ። ኑሩ ሊከሰኝ ሱቅ ሲመጣም "ሻይህን ጠጥተህ ሂድ፤ ልጄ ስሟን አልሰጠችህም" አሉት። እማማ ከጓዳ ሰምታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ወንድምዓለም፣ ያደረግህልኝን አልክድም። ለእኔ ብለህ በሰው አገር ሸክም ተሸክመሃል፤ ይህን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ነገር ግን ውለታህ እኔን አስተምሮኝ እንደ ሆነ፣ እምቢ ማለትንም አብሮ አስተምሮኛል። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ወይዘሮ ትዕግሥትን ስለ ማስተዋል ለምኛቸው "ነገሩን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አምኖ ይጻፍ፣ ስሟን እንመልሳለን" ብለውኛል። ጻፍላት። ሐሳቡ የእኔ ነው፣ ልጅቷን አታልለናታል ብለህ በእጅህ ጻፍ። እስከ ጥምቀት ካልደረሰኝ እኔው የአንተንም የኑሩንም ስም ከነአባታችሁ ጠርቼ እጽፋለሁ። ትቆጣኛለህ፤ ተቆጣ። ወደ ቤት ስትመጣ በር ከፍቼ የምቀበልህም እኔው ነኝ።

አባባ ሰላም ብለውሃል፤ ወገብህን ሙቅ ጨርቅ እሰርበት ይሉሃል። እማማ አንተንም፣ ሀያትንም፣ ዒምራንንም አገላብጣ ስማችኋለች። ፈንታነሽ "አዲሱ ድንች ሲደርስ ይምጣና ይቅመስ" ብላለች። ማስተዋል ሰላም አላለችህም። በይ ብዬም አልለመንኳትም።

እህትህ ሙና
ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ ፲፩ ቀን ፳፻፲፩ ዓ.ም.