ከክንድሽ የቀረው

ውድ እታለም፣

ከተቀበርሽ ሦስት ዓመት ሆነ፤ እኔ ግን እስካለፈው ሐሙስ ድረስ በየሁለት ቀኑ እመግብሽ ነበር። አትሳቂብኝ። ሐኪሙ በሽታሽን ለማወቅ ከክንድሽ የወሰዳት የቆዳ ቁራጭ እኔ የምሠራበት ላቦራቶሪ ነው የመጣችው። ሴሎችሽ አንቺ ከሞትሽ በኋላም ኢንኩቤተር በሚባለው የሙቀት ሣጥን ውስጥ ይባዙ ነበር።

ምግባቸው ስኳር ያለበት ሮዝ ፈሳሽ ነው። የሌላ ሰው ሴል ለቀናት ሮዝ እንደሆነ ያቆየዋል፤ ያንቺ በማግስቱ ቢጫ ያደርገዋል። ቢጫው የአሲድ ምልክት ነው። በሴል ውስጥ ስኳሩን ወደ ምድጃው የሚያስገባ ኢንዛይም አለ፤ ያንቺው ሥራ ላይ የሚተኛ ዘበኛ ነበር። ስኳሩ ደጅ ቀርቶ ይኮመጥጣል።

ይህን ስረዳ ክው አልኩ። ደከመኝ ባልሽ ቁጥር ስኳር በውሃ በጥብጬ «ጠጪ፣ ጉልበት ይሆንሻል» የምልሽ እኔ ነበርኩ። ሲብስብሽ ማንኪያ እጨምራለሁ። እንደውም አንድ ቀን አልጠጣም ብትዪኝ ተቆጥቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።

እማዬ መጥታ በማይክሮስኮፕ አይታሻለች።

«አይበርዳትም?» አለችኝ።

«ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ነው፣ እማዬ።»

«የሰው ገላ ነዋ!» ብላ ኢንኩቤተሩን ዳበሰችው።

ባለፈው ወር ልጅሽ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። «አክስቴ፣ እግሬ እምቢ አለኝ» አለችኝ፣ ልክ ባንቺ ድምፅ። ሐኪሙ ያንቺው በሽታ መሆኑን ነገረን።

«አንዳንዱን ኢንዛይም ቫይታሚን ይቀሰቅሰዋል» አለኝ። «የልጅቷ ሴል እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል። የእህትሽ ዝግጁ ነው። ግን ኢንዛይሙን ለመለካት ሴሉ መፈጨት አለበት።»

የቀረሽው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር። አርጅተሽ መባዛት አቁመሽ ነበር። ለሁለት ከፈልኩሽና አንዱ ላይ ቫይታሚኑን ጨመርኩ። ያለ ቫይታሚን የቀረው በማግስቱ ቢጫ ሆነ። ሌላው ሦስት ቀን ሙሉ ሮዝ እንደሆነ ቆየ። እታለም፣ ከሞትሽ በኋላ ዳንሽ።

በዳንሽ በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ በገዛ እጄ ፈጨሁሽ። ከዚያ ለካሁት። ኢንዛይሙ ነቅቶ ነበር። ልጅሽ በዚያው ቀን ቫይታሚኑን ጀመረች።

ትናንት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ልጅሽ ናት፣ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ ጉንጯ ቀልቶ።

«ማን ደግፎሽ ወጣሽ?» አልኳት።

መልስ ከመስጠቷ በፊት ዞር ብላ ደረጃውን አየችው።

«አሁን ብቻዬን ነኝ» አለች።

እኔም ደረጃውን አየሁት። ማንም አልነበረም። እንግዲህ ዕረፊ እታለም፤ እስከ በሬ ደግፈሽ አድርሰሻታል፤ ከዚህ በኋላ እኔ እይዛታለሁ።

ታናሽሽ