ወንድሜን ሌባ አድርገው ላሰማሩት መምህር የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል ኃላፊና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች መምህር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤንነትዎ እጠይቃለሁ። የጎድን አጥንቶችዎ ሁሉም በየቦታቸው አሉ? መንጋጋዎ ይከፈታል፣ ይዘጋል? የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። የወንድሜን አስከሬን ካጠቡት ሰዎች አንዱ እኔ ስለነበርኩ፣ ሰው እነዚህን ሁሉ ይዞ ማደሩ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆነ በቅርቡ ተምሬአለሁ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝና፣ አጻጻፌ ለማዕረግዎ የማይመጥን ቢሆን ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ወንድሜን እንደሚያስታውሱት አምናለሁ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው ረጅሙ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ሰፈርተኛው «ዶክተር» እያለ የሚያሾፍበት እሱ ነው። ይህ ካልበቃዎት፣ በመናኸሪያው ፊት ለፊት የሴት ቦርሳ ይዞ እንዲሮጥ ያዘዙት እሱ ነው። የዋሉልንን ውለታ ሳልዘረዝር ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ፤ ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ስለ ልጆች እድገት ስላስተማሩት አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው የትምህርት አጋማሽ ወንድሜ ቤት በመጣ ቁጥር ትንሿን እህታችንን መፈተኛ አደረጋት። ውሃ ከሰፊው ብርጭቆ ወደ ቀጭኑ ረጅም ብርጭቆ እየገለበጠ «የቱ ይበዛል?» ይላታል፤ እሷም ሁልጊዜ ረጅሙን ትጠቁማለች። «ያው ውሃ እኮ ነው የኔ እመቤት! ግድ የለም፣ ስታድጊ ይገባሻል» እያለ ሆዱን ይዞ ይስቃል። በቤታችን የተሳቀው የመጨረሻ ሳቅ የእርስዎ ትምህርት ውጤት ስለሆነ ምስጋናው ይገባዎታል።

ሁለተኛ፣ ለሥራዎ ስላለዎት ትጋት አመሰግናለሁ። በሁለተኛው አጋማሽ፣ ሰው በብዛት ሲሰበሰብ እያንዳንዱ «ሌላው ይረዳል» ብሎ እጁን እንደሚያጣጥፍ አስተማሩ። ይህንንም ለማሳየት በየዓመቱ አንዷን ተማሪ ተዘራፊ፣ አንዱን ሌባ አድርገው በግቢው ካፌ ውስጥ ያስሮጡ ነበር አሉ። እዚያ ሁሉም ስለሚተዋወቅ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። ዘንድሮ ግን «እውነተኛ ሕዝብ ያስፈልገናል» ብለው ለሕዝቡም ለፖሊስም ሳይናገሩ ወደ መናኸሪያ ወጡ። እውነተኛ ሕዝብ አግኝተዋልና እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ። የሆነውን የማውቀው አብሮት ያድር የነበረው ጓደኛው መጥቶ፣ ከእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ስለነገረን ነው። ተዘራፊዋ በታዘዘችው መሠረት «ሌባ! ያዙት!» ብላ ጮኸች። ወንድሜ ጆንያ የሚያወርዱትን ተሸካሚዎች ሳያልፍ አንዱ እግሩን አስገብቶ ጣለው። አንዱ በቀበቶ ዘለበት፣ ሌላው በጎማ መፍቻ፣ በዕድሜ እናቱ የምትሆን አንዲት ሴት በጫማዋ ተረከዝ ወረዱበት። «ተማሪ ነኝ፣ ለትምህርት ነው!» እያለ ሲለምን አንዱ የአውቶቡስ ረዳት «እኛስ ምን እያደረግን መሰለህ? እያስተማርንህ እኮ ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ከዚያ ድንጋይ መጣ። መንጋጋው ከተሰበረ በኋላ ማስረዳቱን ተወ።

እርስዎና ተማሪዎችዎ በዚያ ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ባለው ሻይ ቤት ሰገነት ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ነበር። ጓደኛው ሊወርድ ብድግ ሲል «ተቀመጥ፤ ጣልቃ ከገባህ ውጤቱ ይበላሻል» አሉት። ተቀመጠ። አርባ ተማሪ ቢነሳ ወንድሜ ይድን እንደሆነ አላውቅም፤ የተነሳ ስላልነበረ ሊታወቅም አይችልም። በትሕትና ላርምዎ የምደፍረው አንድ ነገር ግን አለ። በመናኸሪያው ሰው ኃላፊነቱን ለሌላው አልተወም፤ ሁሉም የድርሻውን በትጋት አዋጥቷል። ያ እጁን የሚያጣጥፈው ሰውዎ ፎቅ ላይ ሻይ ይጠጣ ነበር።

አራተኛ፣ ስለ ዝምታዎ። ዩኒቨርሲቲው ባወጣው ማስታወቂያ ወንድሜ «በከተማው በተፈጠረ ሁከት ሕይወቱ አለፈ» ይላል። ሁከቱን ማን እንደፈጠረው ስለማይናገር ሰፈሩ ክፍተቱን በራሱ ሞላው። «ዶክተሩ ለካ እጁ አመለኛ ኖሯል» ተባለ። እናቴ ልብስ የምትሰፋላቸው ሴቶች ልጆቻቸውን እየላኩ ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ወሰዱ። እኔም በትምህርት ቤት ወደ ክፍል ስገባ ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው የሚስቡ ጓደኞች አፍርቻለሁ። እናቴ ቢሮዎ ድረስ መጥታ እውነቱን እንዲናገሩላት ስትለምንዎ «እናቴ፣ ለጊዜው ዝም ማለቱ ለሁላችንም ይበጃል» አሏት። «ሁላችንም» ሲሉ እሷንም የቆጠሯት መስሏት መርቃዎት ወጣች።

ወንድሜን ይመልሱልኝ አልልም፤ ያን የሚያህል ሥልጣን እንደሌለዎት አውቃለሁ። የምለምንዎ፣ እዚያው መናኸሪያ ቆመው፣ አውቶቡስ በሚጠራበት ድምፅ ማጉያ «ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ሌባ ሁን ያልኩት እኔ ነኝ» እንዲሉ ብቻ ነው። አጭር ናት። ለፈተና ከሚያስጠኗቸው ትርጓሜዎች ሁሉ ታንሳለች።

ለሙያዎ ይጠቅም እንደሆነ ላሳውቅዎ፣ ባለፈው ሳምንት ትንሿ እህቴ ሁለቱን ብርጭቆዎች ራሷ አውጥታ ውሃውን ገለበጠችና «ያው ነው» አለች። ከዚያ ይህን ሊሰማላት የሚገባውን ሰው በር በሩን እያየች ትጠብቅ ጀመር። ይህ በየትኛው የእድገት ደረጃ እንደሚመደብ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

በእርስዎ ትምህርት ሳቢያ ሰው ለጎደለበት ቤተሰብ ሁሉ ተወካይ ሆኜ፣ ጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ፣ ታላቅ አክብሮቴን አቀርባለሁ፤

የሌባው ታናሽ ወንድም

ልረሳው ነበር፦ ያ ቦርሳ የትምህርት ክፍሉ ንብረት ስለሆነ እንዲመለስ መልእክተኛ ልከው ነበር። ከአስከሬኑ ጋር መጥቶ እኛ ዘንድ ነው። እናቴ አጥባዋለች፤ ማንገቻው ላይ ያለው ግን አልለቀቀም። ለሌላ ሰው አደራ ልሰጠው ስለማልሻ እርስዎ ራስዎ ይምጡና፣ ሰዉ ሞልቶ ባለበት ሰዓት፣ በዚያው በመናኸሪያው በኩል እየሮጡ ይውሰዱት። «ያዙት!» የምትለውን ቃል እኔ በደንብ እጮኻለሁ። ከዚያ ማዶ ሰገነቱ ላይ እስክሪብቶዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ጣልቃ እንደማልገባ ቃሌን እሰጥዎታለሁ፤ ውጤቱ ይበላሻል።