የጫጩት ራስ ቅልና የአባዬ አቆጣጠር

አባዬ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እማዬ ደህና ናት፤ ራዲዮህን ለማንም አታስነካም፤ ጠዋት ጠዋት ድምፁን ከፍ አድርጋ ዜና ትሰማለች። በገፈርሳ በኩል ያለውን አጥር ወንድሜ አድሶታል። አዲስ አበባን ወደ እኛ ሊያሰፋ የነበረው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወዲህ ስለ መሬታችን የጠየቀን የለም፤ የቡራዩ ሰው ግን ገና ልቡ አላረፈም። ዶሮዎቹ ሦስት ቀርተዋል፤ ቀይዋ ጠባይዋ ያው ነው፣ የቀረባትን ሁሉ ትነክሳለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ዶሮዎቹ ነው። ትልቅ ስህተት ሠርቼ ነበርና መጨረሻውን መስማት ይገባሃል።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ መንገዱ ተዘግቶ ታክሲ የጠፋ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ መድረስ አቅቶኝ ስነጫነጭ፣ አንተ እሑድ ዕለት እቤት ሁለት ዶሮ አሳቀፍክልኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ የጫጩት ራስ ቅል እንቁላል ውስጥ እያለ እንዴት እንደሚያድግ ነበር። በየቀኑ እንቁላል ስከፍት ግፍ ነው ብለህ ፊትህን ታዞር ነበር። ጫጩቱን ቀለም ውስጥ ነክሬ፣ ገና ለስላሳ የሆነው ሰማያዊ፣ አጥንት የሆነው ቀይ ሆኖ ሲወጣ ግን ማጉያ መነጽሬን ቀማኸኝ። አናቱ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ክፍት መሆኑን ስታይ ራስህን ነቅንቀህ ፈጣሪህን አመሰገንክ። ከዚያ በኋላ ዶሮዎቹ ከታቀፉበት ዕለት ጀምሮ ቀኑን ቆጥረህ ደብተሬ ላይ የምትመዘግበው አንተ ሆንክ።

ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሳስተያየው የእኛ ዶሮ አጥንት በአንድ ቀን የዘገየ መሰለኝ። የሐበሻ ዶሮ ራስ ቅል ዘግይቶ ይጠነክራል ብዬ ጻፍኩ። አንተም ልጄ አዲስ ነገር አገኘች ብለህ ለጎረቤታችን ለኦቦ ቶላ ነገርከው፤ እሱ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ። እንደዚያ ስትኮራብኝ አይቼህ አላውቅም።

ጽሑፌን ሳላስረክብ፣ ቅዳሜ ዕለት አረፍክ። አርባህ ሐሙስ ነው ብዬ ለዘመድ ስናገር፣ እማዬ በጣቷ ቆጥራ ረቡዕ ነው አለችኝ። ያረፍክበት ቀን ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራላ! እንቁላሎቹንም እንዲሁ ቆጥረህ እንደሆነስ አልኩ። ደብተሬን አውጥቼ አየሁ። በእጅህ ጽሑፍ እሑድ አንድ፣ ሰኞ ሁለት ይላል። መጽሐፉ ደግሞ አንድ የሚለው እንቁላሉ ሙሉ ቀን ከታቀፈ በኋላ ነው። ዶሮዋ አልዘገየችም፤ እኔ ነኝ ሳልጠይቅህ ቁጥርህን የገለበጥኩት።

እውነቱን ልንገርህ፣ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ግኝቱን ከሰረዝኩት ጽሑፌ ተራ ይሆናል፤ ያንተንም ደስታ ከመቃብርህ የምቀማህ መሰለኝ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ለአማካሪዬ ነገርኩት። ምዕራፉን እንደ አዲስ ጻፍኩ። ለኦቦ ቶላም ሄጄ አስረዳሁት፤ እሱ ግን የእኛ ዶሮ ጭንቅላት ጊዜ ይፈልጋል እንዳለ ነው፣ ላሳምነው አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ፈታኞቹ ፊት ስቆም ከስህተቴ ጀመርኩ። አንደኛው አቆጣጠሩ የማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአባቴ ነው፣ እሱ በትክክል ቆጥሯል፣ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ አልኩ። አለፍኩ፣ አባዬ።

በጣም ናፍቀኸኛል። ጽሑፉ ከታሰበው አነሰ፤ ውስጡ ያለው ግን በሙሉ እውነት ነው፤ ስምህም መጀመሪያው ገጽ ላይ አለ። ከእንግዲህ በምሠራው ሥራ ሁሉ፣ ከምንም በፊት፣ የመጀመሪያው ቀን ከየት እንደሚቆጠር እጽፋለሁ። ያንን መስመር በጻፍኩ ቁጥር አስብሃለሁ።

ልጅህ