ስላልወጣው ካሜራ የዋሸሁት

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም የሆቴሉን አንሶላ ስታጥፊ ይቆርጥሻል? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ስትይ ድምፅሽ ሌላ ነገር ይል ነበር፤ እማዬም ሰምታው ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች። ባለቤትሽ እንዴት ነው? የአውቶቡሱን መስመር ቀየሩለት? ትንሹስ ጥርስ ማብቀሉን ጨረሰ ወይስ አሁንም ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል? እኛ ደህና ነን። ይህን ቃል ደብዳቤ የሚጽፍ ሁሉ ይጽፈዋል፤ እኔም ጽፌዋለሁ፣ አንቺ ግን ግማሹን ብቻ እመኚኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ስልኩ ሲጮህ ከየትም ብትሆን ደርሳ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር ትለጥፋለች። ደግሞም የምነግርሽ ነገር ከአፍ ሲወጣ የሚያሳፍር ነው፤ ወረቀት ቢያንስ ፊት አያይም። የጎረቤታችን ልጅ ነገ ማታ ወደዚያ ስለምትበር ደብዳቤው ዓርብ እጅሽ ይገባል። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ስለ ጋሽዬ ካሜራና ሌንሶች ሊጠይቅሽ ይደውልልሻል። እሱ ከመደወሉ በፊት ነገሩን ከኔ እንድትሰሚው ፈለግኩ።

ወንድማችን ጋሽዬ ከተለየን ሦስት ወር ከአምስት ቀን ሆነው። ካሜራውና አራቱ ሌንሶች ቁም ሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ናቸው። እማዬ ልብስ ልታወጣ በከፈተች ቁጥር «እነዚህ ጥቁር ዓይኖች ያዩኛል» ትላለች። መጀመሪያ ፎጣ አለበሰቻቸው። እሱም አልበቃ ሲላት ልብሷን ሁሉ አውጥታ ወንበር ላይ መከመር ጀመረች። አባዬ ይህን ሲያይ ሸጦ ሊገላግላት ወሰነ። እኔን ደግሞ «አንተ ፈተናህን አጥና፤ ለአንድ ቤት አንድ ፎቶ አንሺ ይበቃል» አለኝ። «ይበቃል» ብሎ ራሱ ደነገጠና መጋዙን አንስቶ ወጣ።

መቼም ከጋሽዬ ጋር ሆስፒታል ምን ስናወራ እንደነበር ነግሬሽ አላውቅም። ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሱ ጋ ነበር የምሄደው። ስለ ሕመሙ አናወራም፤ ወሬያችን ሁሉ ስለ አዲሱ ካሜራ ነበር። የሱን ካሜራ የሚሠራው ካምፓኒ ሌላ ሊያወጣ ነው ከተባለ ዓመት አልፎታል። ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም ይገምታል። ጋሽዬ ደሙን የሚያጥበው ማሽን ላይ ተኝቶ ከስልኩ ያነብልኛል፣ እኔ የፊዚክስ ደብተሬ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። ሁለት ሚሞሪ ካርድ ይይዛል ይባላል፤ አንዱ ቢበላሽ የሙሽሮቹ ፎቶ ሌላው ላይ ይተርፋል። በሻማ ብርሃን ብታነሺበት እንኳ ፎቶው አሸዋ የተነፋበት አይመስልም ይባላል። አንድ ቀን «ከውስጡ መስታወቱን ያወጡታል፣ ሲያነሳ ቀጭ ማለቱም ይቀራል» የሚል ወሬ አነበበና «ቀጭ ካላለ ሙሽራዋ መነሳቷን በምን ታውቃለች? እንግዲህ እኔ በአፌ ቀጭ እላለሁ» ብሎ ነርሷን ሁሉ አሳቃት።

ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ግን ለካሜራው አፍ ነበር። ሌንሱ የሚገጠምበትን ቀለበት ነው አፍ የሚሉት። አፉ የድሮው ከሆነ ሰው የያዛቸው ሌንሶች ሁሉ አዲሱ ላይ ይገባሉ። ከተቀየረ ግን አሮጌው ካሜራ ሲሞት አብረውት ይሞታሉ። ደብተሬ ላይ ራሱ በእጁ «አፉን ብቻ አትንኩብን» ብሎ ጽፎ ሁለቴ አሰመረበት። ያነበበውን ለፎቶ አንሺዎች ግሩፕ ሲያስተላልፍ ደግሞ ሁልጊዜ «ወሬ ነው» ብሎ ይጀምራል። አንድም ቀን ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍላሽ ሳሎን ተቀምጧል። ታውቂዋለሽ፣ አደባባዩ ጋ ትልቁን ስቱዲዮ የከፈተው፣ ሲስቅ ጥርሱ ስለሚያበራ ፍላሽ ያሉት ሰውዬ። የጋሽዬን ሌንሶች አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እያነሳ ያያል። አንዱን እፍ አለበት። እትዬ፣ እሱ እፍ ሲል የኔ ደም ፈላ። ከአባዬ ጋር ተስማምተው ጨርሰዋል፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስድ ነው። ጓዳ ገባሁና የጋሽዬን ስልክ ከፈትኩ። የሱ ስም ግሩፑ ውስጥ አሁንም አለ፤ ማንም ሊያወጣው አልደፈረም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ወንድሙ ነኝ። ጋሽዬ ከመሞቱ በፊት ከሚያምነው ሰው የሰማውን ልንገራችሁ። አዲሱ ካሜራ አፉ ተቀይሯል። የያዛችኋቸው ሌንሶች አይገቡም። እርግጥ ነው።» ከዚህ ሁሉ ውስጥ እውነቱ «ወንድሙ ነኝ» የሚለው ብቻ ነው።

ግሩፑ ተናወጠ። በማግስቱ ፍላሽ ለአባዬ ደውሎ «አባቴ፣ ካሜራው እስኪወጣ እንታገሥ» አለው። አባዬ ተገረመ፤ እኔ ጮቤ ረገጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ዋልኩ አደርኩ።

ዓርብ ዕለት ለፈተና መመዝገቢያ ጉርድ ፎቶ ልነሳ እማማ ክራቫት ጋ ሄድኩ። አንቺንም ለፓስፖርት ያነሱሽ እሳቸው ናቸው። ያቺ ሰማያዊ ክራቫት አሁንም ምስማሯ ላይ ተንጠልጥላለች፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ ወንድማማች የሚመስለው በሷ ነው። ጋሽዬን በአሥራ አራት ዓመቱ የካሜራ አያያዝ ያስተማሩት፣ የራሱ ሌንስ እስኪኖረው ድረስ የራሳቸውን እያዋሱ ሠርግ የላኩት እሳቸው መሆናቸውን አትረሺም። ስገባ አምስት ሌንሶቻቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው እያንዳንዱን የሕፃን ካልሲ እያለበሱ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። ምን ሊያደርጓቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ለፍላሽ ሰጥተው በምትኩ እሱ የተወውን አሮጌ የፎቶ ማተሚያ ሊወስዱ ተስማምተዋል። ሐሙስ ጠዋት ማተሚያው ይመጣል፣ ሌንሶቹ ይሄዳሉ። ከአምስቱ ሌላ ለጉርድ ፎቶ የምትሆን አንድ ትንሽ ሌንስ ብቻ ያስቀራሉ። «የወንድምህ ቃል ባይደርሰኝ ድንጋይ ታቅፌ ልቀር ነበር» አሉኝ። «አየህ፣ ሞቶም አልረሳኝም» ብለው አለቀሱ። ከዚያ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ» ብለው አነሱኝ። ፎቶው ላይ ያለው የሌባ ፊት ነው። ለፈተናው የሰጠሁትም እሱኑ ነው።

ከዚያ ወጥቼ በቀጥታ ፍላሽ ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ሙሽራ ብጉር እያጠፋ ነበር። የእማማን ሌንሶች እንዲተዋቸው ስለምነው ዞሮም አላየኝ። «ለምን? አፉ ተቀይሯል፣ እርግጥ ነው አላልክም?» አለኝ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ቀጠለ። «ስማ ጎረምሳው፣ ወንድምህ 'ወሬ ነው' ሳይል ጀምሮ አያውቅም። ያንተ ላይ ፈለግኩ፣ አጣሁት። እዚያ ላይ ነው ያወቅኩህ» አለ። ታዲያ ለምን ከኛ ቤት እንደቀረ ጠየቅኩት። ሰው ሁሉ ሌንሱን በርካሽ ሊሸጥለት እየሮጠ ሲመጣ ለኛዎቹ ምን እንደሚያጣድፈው መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። «እኔ ማንንም አላታለልኩም። ያልከው እውነት ከሆነ የምከስረው እኔ ነኝ። ካልሆነ ግን እሳቸውን ያከሰርካቸው አንተ ነህ» አለና ጥርሱን ብልጭ አድርጎ «ለማንኛውም ጸልይ» አለኝ።

ጸለይኩም። ካሜራው የሚወጣው ነገ፣ ሐሙስ ከሰዓት ነው። አፉ በእውነት ተቀይሮ ቢገኝ ውሸቴ እውነት ይሆናል፣ እማማም ይተርፋሉ፣ ማንም ምንም አያውቅም። ሰኞ ዕለት አንድ ደብዛዛ ፎቶ ሾልኮ ወጣ ተባለ። ግማሹ አፉ ሰፍቷል ይላል፣ ግማሹ ያው የድሮው ነው ይላል። ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አድርጌ ለካሁ። አስተማሪያችን ምን እንደምሠራ ሲጠይቀኝ «ጂኦሜትሪ» አልኩት። መጀመሪያ ስለካ ሰፍቶ አገኘሁትና ልቤ ዘለለ፤ ስደግመው የድሮው ሆነ። ማታ የለካሁትን ቁጥር ልጽፍ ደብተሬን ስገልጥ የጋሽዬ ጽሑፍ ፊቴ ተደቀነ። «አፉን ብቻ አትንኩብን።» እሱ እንዳይሆን የለመነውን እኔ እንዲሆን ስለምን ከርሜአለሁ። እትዬ፣ ከቀብሩ ቀን ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

ዛሬ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ትቼ እማማ ክራቫት ጋ ሄድኩ፤ መፎረፌን ለእማዬ አትንገሪብኝ። ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየለዩ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቀሱ የአንድ ሰውዬ ጆሮ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ወንድምህ ብሏል ወይስ አላለም?» አሉኝ። አላለም አልኳቸው። «ከማንም አልሰማም?» አልሰማም አልኳቸው። መቀሱ የሰውዬውን ጆሮ ቆርጦ አለፈ። መቀሱን አስቀመጡና «እኔ ያለቀስኩት ለሌንስ መሰለህ?» አሉ። «እንደዚያ ሆኖ ተኝቶ እኔን አስታወሰ ብዬ ነው ያለቀስኩት። አንተ እሱን ነው የወሰድክብኝ።»

ይቅርታ እስክል አልጠበቁኝም። «ለግሩፑ ጻፍ። በሱ ስልክ አይደለም፣ በራስህ። እዚሁ ቆመህ» አሉኝ። እኔ ግሩፑ ውስጥ ስለሌለሁ ራሳቸው አስገቡኝ። ያልኩት ሁሉ ፈጠራ እንደሆነ፣ ጋሽዬ እንዲህ ብሎ እንደማያውቅ፣ ሌንሶቹ እንዳይሸጡብኝ ብዬ እንዳደረግኩት ጻፍኩ። አንዱ «እኔ እኮ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ ሌንሱን ለመሸጥ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው እሱ ነው። ሌላው በሞተ ሰው ከሚነግድ ይሰውረን አለ። አንዲት ሴት «ልጅ ነው፣ ሐዘን ላይ ነው፣ ተዉት» ብላ ስትጽፍ ከስድቡ ሁሉ ይልቅ የሷ አመመኝ። ፍላሽ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፤ «እማማ፣ ቃል ቃል ነው፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

እንዳይሰጡት ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ሰጥቻለሁ ካልኩ ሰጥቻለሁ። ያንተ ውሸት የኔን ቃል አያፈርሰውም። ፎቶ አንሺ ቃሉን ካጠፈ ማን ሠርጉን አምኖ ይሰጠዋል?» አሉና ጆሮ ያጣውን ሰውዬ እንደገና ሊያትሙ ተነሡ። እኔም ወጣሁ።

አባዬ ሥራ ቤቱ ውስጥ የበር እንጨት እየላገ ነበር። ስነግረው መላጊያውን አላቆመም፤ እንደጨረስኩ ግን አስቀመጠው። አልጮኸም። «እናትህን እኔ አልነግራትም፤ አንተ ትነግራታለህ» አለ። ነገርኳት። እማዬ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ፎጣውን ከሌንሶቹ ላይ ገፈፈች፣ ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንዱን በእጇ ያዘች። «ይህን ያህል ይከብዳል እንዴ?» አለች። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። የእማማም ካሜራ እንደ ጋሽዬ ስለሆነ ሌንሶቹ ይገቡላቸዋል። የሳቸው አምስቱ ነገ ከሄዱ የሱን አራቱን እንስጣቸው አልኩ። እማዬ አባዬን አየችው። አባዬ «ካሜራውንም ሌንሶቹንም የገዛችለት እህትህ ናት። ባለፈው ሳልጠይቃት ለመሸጥ መስማማቴ ጥፋት ነበር፤ አሁን ግን ሳልጠይቃት አንዲት ክዳን አላወጣም» አለ።

ስለዚህ ቅዳሜ የሚጠይቅሽ ይህንን ነው። መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ሳስበው እንዳይሸጥ እንድትከለክዪልኝ ነበር፤ አሁን እንድትሰጪ ነው የምለምንሽ። የጎረቤታችን ልጅ ሻንጣዋን ዛሬ ስለምትዘጋ አሁኑኑ ልወስድላት ነው። አንቺ ስታነቢው ካሜራው ወጥቷል፤ አፉ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። እኔ ስጽፈው አላውቅም። ተቀይሮ ቢገኝ «አየህ፣ እውነትህን ነበር» ብለሽ እንዳታጽናኚኝ፤ እውነት ቢሆንም እኔ ዋሽቼ ነው። መልስሽን በካሜራው አትወስኚ። ሌንሶቹ የሚገቡ ቢሆኑም ባይገቡም ለእማማ ይሰጡ። እኔ ራሴ ተሸክሜ እወስድላቸዋለሁ፤ ፊታቸውን አይቼ መቆም አለብኝ።

ለባለቤትሽ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መንገዱን እየተጠነቀቀ ይንዳ። ትንሹን በሁለቱም ጉንጩ ሳሚልኝ፣ ከነከሰሽ ግን እኔ የለሁበትም። እማዬ ሹራብሽን ሳትደርቢ እንዳትወጪ ብላለች። አባዬ ሰላም በልልኝ ብሎ መልሶ ወደ እንጨቱ ዞረ። ትንሿ እህታችን የሳለችው ሥዕል ፖስታው ውስጥ አለ፤ ረጅሟ አንቺ ነሽ፣ ጋሽዬንም አብራ ስለሳለችው ስታዪው ቁጭ ብለሽ ይሁን።

ታናሽ ወንድምሽ

ከአባዬ ሥራ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ረቡዕ፣ የካቲት 5 ቀን