በ፵፯ ቁጥር የተመዘገበችው ሸክላ

በእውቀትህ ለዘመን ጓደኞችህ መብራት፣ በአንደበትህም ርቱዕ ለሆንከው፣ ለተከበርከው የወጣትነት ባልንጀራዬ፤ ከአውሮራ ከተማ የተላከ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። የጉልበትህ ሕመም ተሻለህን? እኔ ዓይኔ ከመድከሙና ልቤ ከመጠርጠሩ በቀር ደኅና ነኝ።

ባለፈው ወር ልጅህ ትንሳኤ ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር የገዛችውን ቤት እንድመርቅላት ጋብዛኝ ስሄድ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በመዳፍ የምትያዝ፣ የወፍ ዱካ በሚመስል ጽሕፈት የተሞላች የሸክላ ሰሌዳ አየሁ። አንስቼ ሳገላብጣት ትንሳኤ ስቃ፣ «ጋሼ፣ ኩኪስ እንዳትመስልዎት! አባዬ የሰጠኝ ሱቬኒር ናት፤ ፌክ ናት» አለችኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጣቴ ግን በጠርዟ ላይ ቀርቶ ነበር፤ በዚያ፣ ከተላጠ ቡናማ ቀለም ሥር፣ ፵፯ የሚል የግዕዝ ቁጥር ይታያልና።

ታስታውሳለህ፤ ሁለታችን ከአገር የተላክን ተማሪዎች ሳለን፣ በኤፍራጥስ ዳር ካለው ከዚያ የጥንት ቤተ መንግሥት ጉብታ የሸክላ መዛግብቱ በቁፋሮ ሲወጡ፣ በየሰሌዳው ጠርዝ ላይ ቁጥር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በልማድ ተዘናግቼ በአንዲቱ ላይ ፵፯ን በግዕዝ ብጽፍ፣ አንተ «የባቢሎን ንጉሥ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቷል እንዴ?» ብለህ አላገጥህብኝ። ፍቄ ሳላርማት ጠፋች። ሰሌዳዎቹ የሚቀመጡበትን ሣጥን በመጨረሻ የቆለፍኩት እኔ እንደሆንኩ መሰከርክ፤ ሌባ ተብዬ ስባረርም እስከ አውቶቡሱ ሸኝተህ አለቀስክልኝ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን እንባ የፍቅር አድርጌ ያዝኩት።

ከቤት ምርቃቱ ወጥቼ ለማንም አልተነፈስኩም። ይሁንና በማግስቱ ደውለህ፣ ቤቱ እንዴት እንደሆነ ሳይሆን፣ መነጽሬን ይዤ እንደነበር ጠየቅኸኝ። ባለፈው እሑድ ዳግመኛ ስሄድ በሰሌዳዋ ቦታ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ትንሳኤ፣ «አባዬ ደውሎ አንሺያት አለኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም» ካለች በኋላ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ድሮ ከቁፋሮ ሰርቆ ተባረረ የሚለውን ጓደኛውን ያውቁታል?» አለችኝ። «አሁን በደንብ አውቀዋለሁ» አልኳት።

የዚያ ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ደብዳቤያቸውን በሌላ ሸክላ ሸፍነው ያትሙት ነበር፤ ቁጥሬን የሸፈነው ቡናማ ቀለም ግን የእነርሱ አይደለም።

እግዚአብሔር ዕድሜህን በጤና ያርዝምልህ፤ የልጅህንም ቤት ይባርክ።

እስከ ቅዳሜ ለትንሳኤ ደውለህ፣ ሰሌዳዋን ከየት እንዳመጣሃት ራስህ ንገራት።

ሣጥኑን የቆለፈው ባልንጀራህ