ለሌሊሴ ሁሉም ገብቶኛል አልኳት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

በነቀምት የማስተርስ ተማሪ የሚያሠለጥን ዘበኛ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሊሴ የምትማረው ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት ነው። ስለ አሲዳማ አፈር የጻፈችውን በየቀኑ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቁጭ ብላ ታነብልኛለች፤ ያልገባኝን ትቀይራለች። ዛሬ ግን የማታ ትምህርት ምስጋና ይግባውና ራሴ አነበብኩት።

«ኦቦ ሰይድ፣ የቱ ጋ ነው ያልገባዎት?»

«እኔ? ሁሉም ገብቶኛል! እንዲያውም አንቺን ላስረዳሽ!»

ከት ብላ ሳቀች። «እንግዲያው ጨረስኩ። ከነገ ጀምሮ ዲጋ ወረዳ ሄጄ ለገበሬዎቹ ነው የማነበው» አለችና እጄን ጨብጣኝ ሄደች።

አፈሩ ላይ ይነስነስ ያለችው ኖራ አሲዱን እንዴት እንደሚያክመው ግን አልገባኝም ነበር። ይህን ብነግራት ነገም ትመጣ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንቱ ሰላም እያለኝ አለፈ፤ ቁጭ ያለ ግን የለም። ደውዬ እውነቱን ልንገራት እንዴ? ይህ አፌ እኮ እሺ አይለኝም።